ወይዘሮ በለጡ እንደሻው እና የኤረሩ በርኖስ

ወይዘሮ በለጡ እንደሻው ከአባታቸው ከአቶ እንደሻው ለገሠና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበበች ኃይለመስቀል በ1916 ዓ.ም. መንዝ ውስጥ ተወለዱ። ፊደል ከአጎታቸው ዘንድ ቆጥረው ዳዊት ደግመዋል። የበግ ጠጉር መፍተል የቻሉት ግን ከዚያም በፊት ነው፤ በዚያ ብርድ እንዝርት ያልያዘች ልጅ እንደ ሥራ ፈት ትታያለች።

በ1934 ዓ.ም. ከአቶ አባይነህ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። ባለቤታቸው ሐረር ግምጃ ቤት ሥራ ስላገኙ ተከትለዋቸው መጥተው ፈላና በር አጠገብ ቤት ያዙ። ጽጌሬዳንና ለተማርያምን ወልደው አሳደጉ። ለባለቤታቸውም ከአገር ቤት የተላከውን ጥቁር የበግ ጠጉር አንድ ክረምት ሙሉ ፈትለው፣ ለሸማኔ ሰጥተው በርኖስ አሠሩላቸው። አቶ አባይነህ ያን በርኖስ ሲደርቡ ቁመታቸው ይጨምር ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ኤረሩ ነገር እንምጣ። በዚህ ከተማ ስንት ዓመት ሲታሙበት ኖረዋልና እውነቱን ሳንናገር ብንቀብራቸው እንበድላቸዋለን።

በ1953 ዓ.ም. የሐረር መንዞች ማኅበር የግንቦት ልደታን ከከተማው በታች ወዳለው ኤረር ወርዶ ሊያከብር ተነሣ። የማኅበሩ ዳኛ አቶ አባይነህ ነበሩ። ባለፈው ዓመት የሌላ አገር ተወላጆች በከበሮ ደምቀው ከተማውን አቋርጠው ስለነበር ነገሩ ከንክኗቸዋል። እኛም ማን እንደሆንን ይታይ ብለው፣ ወንድ ሁሉ በርኖሱን ደርቦ እንዲወጣ፣ ዳኛው ሳያወልቅም ማንም እንዳያወልቅ ደነገጉ። የጭነት መኪናው ሾፌር ሐሰን ግን ሰዎቹ ሲሳፈሩ አይቶ ደነገጠ።

"ጋሽ አባይነህ፣ ኤረር ቆላ ነው፤ ወላሂ በዚህ ልብስ አይወረድም" አላቸው።

እሳቸውም ሱፍ ለብሶ የሞተ መንዜ እንደሌለ ነግረውት ከፊት ተቀመጡ።

ቁልቁለቱን ጨርሰው ሜዳው ላይ ሲደርሱ መኪናው አሸዋ ውስጥ ሰመጠ። ወንዶቹ በርኖሳቸውን እንደደረቡ በቀትር ፀሐይ ገፉት። መኪናው ሲወጣ የሰውም፣ የሞተሩም ውኃ አልቆ ነበር። ሁሉም ዓይኑን ዳኛው ላይ ተክሎ ያወልቁ እንደሆነ ይጠባበቃል። አቶ አባይነህ አላወለቁም። ፊታቸው ቀላ፣ ላባቸው ደረቀ፣ ከዚያም ንግግራቸው ተደነባበረ፤ መንዝ ያሉ መስሏቸው በሞት የተለዩ ወንድማቸውን በስም ይጠሩ ጀመር።

ወይዘሮ በለጡ ጠጋ ብለው በጆሯቸው ለመኗቸው። አቶ አባይነህ ግን እጃቸውን ገፉ። ሽማግሌዎቹን ዞረው ቢለምኑ ሁሉም መሬት መሬት አየ። ዳኛን ማን ይነካል? የባልን ልብስ በሰው ፊት መግፈፍም በዚያ ዘመን ፍቺ የሚያመጣ ነውር ነው። ይህንን አሳምረው ያውቃሉ። ሁለት ሴት ልጆች ደግሞ ቤት ውስጥ አባታቸውን ይጠብቃሉ። ወይዘሮ በለጡ ቆሙና የበርኖሱን ማያያዣ ፈቱ።

"የፈተልኩት እኔ ነኝ፤ የማወልቀውም እኔ ነኝ" አሉ።

አውልቀው ጣሉት። ያን ጊዜ የወንዱ በርኖስ ሁሉ መሬት ላይ ተከመረ። ከጎን ካለው ማሳ ሐዋ የምትባል ገበሬ ውኃ ይዛ ሮጣ ደረሰችላቸው፤ ወይዘሮ በለጡ ነጠላቸውን እየነከሩ ሲያቀዘቅዟቸው ቆይተው አመሻሹ ላይ አቶ አባይነህ ልባቸው ተመለሰ።

ዳኝነቱን በፈቃዳቸው ለቀቁ። በርኖሱም ሣጥን ገባ፤ ስለዚያ ቀን ከባለቤታቸው ጋር አንዲት ቃል አልተነጋገሩም። ወይዘሮ በለጡን ሰዉ "ባሏን የገፈፈች" እያለ ይጠቋቆምባቸው ነበር። ማኅበሩ ግን ከዚያ ወዲህ በርኖሱን አጥፎ በትከሻው ይዞ መውረድ ጀመረ። ያማቸው የነበረውም ሰው እንደዚያው አድርጎ ይወርዳል። ዝምታው ግን ከቤታቸው አልወጣም፤ ከሐሜቱ ይልቅ የጎዳቸውም እሱ ነበር።

ወይዘሮ በለጡ በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በሳንባ ሕመም ተያዙ። በሐኪምም በጸበልም ቢረዱ አልተሻላቸውም። ታኅሣሥ ሲገባ ብርዱ ጸናባቸው፤ የተደራረበው ጋቢ አላሞቃቸውም። አቶ አባይነህ ሣጥኑን ከፈቱ። በርኖሱን በገዛ እጃቸው አልብሰዋቸው፣ ያን ቀን ነፍሴን አተረፍሽልኝ፣ እኔ ግን በዝምታ ቀጣሁሽ ብለው ልጆቻቸው ፊት ይቅርታ ጠየቁ። ወይዘሮ በለጡ ፈገግ አሉ።

"በሉ እንግዲህ፣ ከእኔ ላይ ማንም እንዳያወልቀው" አሉ።

ታኅሣሥ 20 ቀን 1966 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን አቶ አባይነህን፣ ልጆቻቸውን ጽጌሬዳንና ለተማርያምን፣ አንድ የልጅ ልጅም ትተዋል። አስከሬናቸው ላይ የምታዩት ጥቁር በርኖስ ያ ነው፤ አብሯቸው ይቀበራል።

ለሰው ሲሉ ነውርን የተሸከሙትን የእናታችንን ነፍስ አምላክ ከደጋጎቹ እናቶች ጎን ያኑርልን። አሜን።