የሸክላ ሠሪዋን ልጅ የነጋዴ ልጅ ላደረጉልኝ ሰብሳቢ

ለክቡር አቶ ጋሩማ፣
በነቀምቴ የመድረክ ሥራዎች ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ክቡርነትዎ ከመላ ቤተሰብዎ ጋር በሙሉ ጤንነት እንዲገኙ፣ በተለይም ቀይ እስክሪብቶ የሚይዙበት ቀኝ እጅዎ ከማናቸውም ድካም እንዲጠበቅ ከልብ እመኛለሁ። እኔ፣ ዕድሜ ጉልበቴን ወስዶ ኩራቴን የተወልኝ ጡረተኛ፣ ደህና ነኝ።

እኔ ግጥም ጸሐፊው በፍቅር ምክንያት የደረሰብኝን ስደት፣ በሕይወት እያለሁ ቴአትር ስላደረጋችሁልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ባለፈው ቅዳሜ የሙከራውን ትርኢት ከባለቤቴ ከወይዘሮ ወርቂቱ ጋር ከተመለከትኩ በኋላ ግን የሚከተለውን በአደባባይ ለማመልከት ተገድጃለሁ።

፩ኛ/ እኔን ሆኖ የሚጫወተው ወጣት እጅግ መልከ መልካም ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ብሆን ኖሮ ግጥም መጻፍ ባላስፈለገኝ። ይህን ስሕተት እንዳታርሙት አደራ እላለሁ።

፪ኛ/ በቴአትሩ ውስጥ ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ በረሃ ሳቋርጥ እታያለሁ። የተሰደድኩት ቁርሱን በልቶ በእግሩ የተነሣ ሰው ለምሳ ወደሚደርስባት ጉቴ ነው። በመንገድ የገጠመኝ መከራ ዝናብ ሲሆን፣ እሱንም በጃንጥላ ተቋቁሜዋለሁ።

፫ኛ/ ኮሚቴው «የሕዝብን ስሜት ላለመንካት» በማለት ባለቤቴን የሀብታም ነጋዴ ልጅ አድርጓታል። እርሷ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። እናቷ የሠራችው እንስራ ከአባቴ ቤት ጓዳ ይገባ ነበር፤ ሠሪዋ ግን ከደጃፍ አታልፍም ነበር። የጎሳችን ሽማግሌዎች ከዘመድ ያገለሉኝ፣ ግጥሞቼን ያቃጠሉትና ከማስተማር ሥራዬ ያስባረሩኝ ልጇን አገባለሁ ስላልኩ ነው። የነጋዴ ልጅ ብትሆን ኖሮ ሰንጋ አርደው በዳሩኝ ነበር። አሁን ተመልካቹ የሚረዳው ግጥሞቼ ከመጥፎነታቸው የተነሣ መቃጠላቸውን ነው፤ በቃሌ የቀሩትን ደግሜ ሳሰላስላቸው፣ በዚህ ረገድ ከኮሚቴው ጋር ብዙም አልለያይም።

ባለቤቴ ያቺን በወርቅ ያጌጠች ተዋናይት ስታይ፣ «አባ ኬኔ፣ ይህቺ ደግሞ መቼ የነበረች ናት?» አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በልጃችን በኬኔ ስም እየማልኩ፣ አንዲትም የነጋዴ ልጅ እንደማላውቅ ስምል ስገዘት ከቤታችን ደረስን። ከበራችን ላይ ግን ቆም ብላ፣ «እናቴንስ የት ጣሏት?» ስትል ጠየቀችኝ። በአለንጋ ተገርፌ ቅኔ ተምሬአለሁ እያልኩ የምኩራራው ሰው፣ ገብቼ ወረቀትና እስክሪብቶ ፍለጋ ጀመርኩ።

ስለዚህ ቴአትሩ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት እናቷ እጇ በጭቃ እንደተለወሰ ወደ መድረኩ ትመለስልን። ይህ የማይቻል ከሆነ የእኔን ስም አውርዳችሁ፣ የነጋዴ ልጅ በማግባቱ የተሰደደ ሌላ ጸሐፊ ፈልጉ።

ለእስክሪብቶዎ ቀለም፣ ለወንበርዎ ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ፤ መነሣቱ ጊዜ ስለሚወስድብኝ ከሦስተኛው ነጥብ ጀምሮ እየሞከርኩ ነው።

መምህር ጨመዳ ሞረዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጅዎ ሌሊሳ ክቡርነትዎን ፈርቶ ያልነገረዎትን እንድነግርለት ለምኖኛል፤ የልጅ ልጃችንን ሜቲን ሊያገባ ይፈልጋል። ሽማግሌ ሲልኩ በደስታ እንቀበላለን፤ ብቻ የማን ዘር እንደሆነች ሳያሻሽሉ ይንገሯቸው።