ዲሹን የገፋሁ ለታ

ዓርብ፣ ኅዳር 3፣ ጠዋት 2፡30
ደብተር ሆይ፣ ኮፍያሽን አውልቂ። ለግቢያችን ነዋሪዎች በሙሉ፦ የእትዬ ዘይነባ ቲቪ ዛሬ ጠዋት በድንገት ከዚህ ዓለም ተለይቷል። ገዳይ፦ እኔ። ቆርቆሮው ላይ ወጥቼ ዲሹን ትንሽ ገፋ አደረግኩት። ለምን? ትናንት በሰው ፊት ስምንተኛ ክፍልን ሦስቴ የወደቀ ስላሉኝ። አሁን «ና አስተካክልልን» ብለው ለምነው እስኪጠሩኝ ቁጭ ብያለሁ።

ከሰዓት 9፡00
ጠሩኝ። ወጣሁ። ልጃቸው ሙና ከታች ትጮሃለች፦ «ጠፋ! … የለም! … አንተ፣ የለም እኮ!» መጀመሪያ ለቀልድ ነካካሁት። ከዚያ የምሬን ልመልሰው ስል እምቢ። ምልክት አላደረግኩበትም ለካ። የልደታ ዲሽ ሁሉ ወደ አንድ ሰማይ ያያል። የኛው ብቻ ፊቱን አዙሯል። ደስ አይልም።

ቅዳሜ፣ 4
አሁንም የለም። ሙና ነገረችኝ። የእትዬ ባል ጋሽ እንድሪስ ሐጅ ሲሄዱ፣ ሐጃጁ አረፋ ሜዳ ላይ በሚቆምበት ቀን ቀይ ጃንጥላ እይዛለሁ፣ በቀጥታ ሲተላለፍ እይኝ ብለዋቸው ነበር። ቀኑ ሰኞ ነው። ሰውዬው ስኳር አለባቸው። አንዴ ደውለው ዝም ብለዋል። እትዬ የቲቪውን መጥፋት የክፉ ምልክት አድርገውታል፦ ባሌ ወድቋል ይላሉ። ምሳ አልበሉም።

እሑድ፣ 5
አራት ጊዜ ወጣሁ። ምንም። ጎረቤት ወንበር ይዞ ደጃቸው ተቀምጧል። ድምፅ ዝቅ ብሏል። ማንም ሳይሞት ለቅሶ ቤት።

ሰኞ፣ 6
ተ/ሃይማኖት ዲሽ የሚሠራ ጀለሴን ለምኜ አመጣሁ። አየና ማን ነካው አለኝ። መሰላሉን ያዝኩለት። ምስሉ በደቂቃ መጣ። ሜዳው ነጭ በነጭ፣ ጃንጥላ በሺህ፣ ቀዩ ራሱ ስፍር የለውም። እትዬ ቲቪው ሥር ተቀምጠው አንድ በአንድ በጣት ይነካሉ። «እሱ አይደለም … እሱም አይደለም …» ፀሐይ እስክትጠልቅ። አላገኟቸውም። በቃዎት የሚል ሰው ጠፋ።

ማክሰኞ፣ 7፣ ጠዋት
ስልክ። ጋሽ እንድሪስ! ሞባይላቸውን ጥለው ኖሯል። ጃንጥላውንም ፀሐይ ለመታት አሮጊት ሰጥተዋል። ደህና ናቸው። እትዬ ይሄኔ አለቀሱ። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መረቁኝ። አንተ ባትኖር ዲሹን ማን ያስሠራልኝ ነበር አሉ። አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና መሰላቸው።

ልነግራቸው ነው። አሁኑኑ። ደግሞ ነገሩ ያን ያህልም አይደለም፣ ደብተሬ፦ አንድ ብረት ተገፋ፣ አንድ ብረት ተመለሰ። ማንም አልሞተም። ከኛ በር እስከ እነሱ በር ሰባት እርምጃ ነው። እግሬ ግን እስካሁን ከደፋችን አላለፈም።