ለትርሲት ሠርግ የጠራሁት ዋጋ

ይድረስ ለምወድሽ ለእታለም ደብሪቱ፣

እንደምን ከርመሻል? ናፍቆትሽ እንደ ሞላሌ ጭጋግ ከላያችን አልገፈፍ ብሎናል። ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ የወገብሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ምንጣፍ ስታነሺ ይወጋሻል? ማዳምሽ የዓርብ ዕረፍትሽን ሳትሸራርፍ ትሰጥሻለች? እኛ ለመድኃኔዓለም ምስጋና ይድረሰውና ካንቺ ናፍቆት በቀር ሁላችንም ደኅና ነን ብዬ ጽፌ ነበር፤ መልሼ ሰረዝኩት። እማማና አባባ ደኅና ናቸው። የኔን ግን ልንገርሽ።

ባለፈው በላክሁልሽ ደብዳቤ ላይ የትርሲትን ሰላምታ አጥተሽ፣ በድምፅ መልእክት «ሙሽራዬ ኮራችብኝ እንዴ?» ብለሽ ስትስቂ ሰማሁሽ። ደውዬ ልነግርሽ ብዬ ስልኩን እያነሣሁ ተውኩት። እማማንም እንዳትነግርሽ የለመንኳት እኔ ነኝ። አሁን የጎረቤታችን የወይዘሮ ጥሩሸዋ ልጅ ፀጋ ወደ ኩዌት ስለምትመለስ ይህን ወረቀት በእጇ ሰድጃለሁ። ትርሲት ጥር ላይ ተዳረች፣ እታለም። ለኔ አይደለም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልሽ። ካሜራውን ልከሽልኝ «ታዲዮስ ቪዲዮ» የሚለውን ሰሌዳ ካሰቀልኩ ወዲህ ሥራ አልቸገረኝም፤ የቸገረኝ ዋጋ መጥራት ነበር። አገራችንን ታውቂያታለሽ። ሞላሌ ላይ ሰው ሁሉ ወይ ዘመድ ነው፣ ወይ አበልጅ ነው፣ ወይ ደግሞ አባባን አንድ ዘመን በአጨዳ አግዟል። «ስንት ነው?» ሲሉኝ ፊቴ ይቀላል። «ከእናንተማ ምን ይወሰዳል፣ የፈቀዳችሁትን» እላለሁ። እነሱም የፈቀዱትን ይሰጡኛል፤ አንዱ ገብስ ይሰፍርልኛል፣ አንዱ መርቆኝ ይሄዳል። ጄኔሬተሩ ግን በምርቃት አይነሣም።

አንቺ በስልክ ተቆጣሽኝ። ደሞዟን ሳትነጋገር ሰው ቤት የገባች ሴት ዕረፍቷንም ታጣለች፣ ዋጋህን ቀድመህ ተናገር አልሽኝ። ትርሲትም እንዳንቺው ናት። ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትወጣ ሱቄ እየገባች ወጪዬን ሁሉ አናዘዘችኝ፦ ነዳጁን፣ የሞተር ሳይክል ኪራዩን፣ የረዳቴን አበል፣ ሠርጉ ካለፈ በኋላ ኮምፒውተር ፊት ተጎልቼ የማሳልፈውን ሳምንት። «ሰው የሚያየው የሠርጉን ቀን ብቻ ነው፤ ሳምንቱንም አንተው ካልጠራኸው ማን ይጠራልሃል?» አለችኝ። ከዚያ በዚያ በመምህር እጇ፣ የክርስትናውን ለብቻ፣ የሠርጉን ለብቻ፣ የተዝካሩን ለብቻ አድርጋ ዋጋዬን ጻፈችና ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። እኔም ለእንግዳ ሰው እጠራው ጀመር። የማውቀው ሰው ሲመጣ ግን ወረቀቱ ፊት ቆሜ በጀርባዬ እከልለው ነበር።

አባቷን ጋሽ አፈወርቅን ታስታውሻቸዋለሽ፤ የበግ ነጋዴው፣ ላቱን ሳይዳብሱ የበጉን ሥጋ የሚገምቱት። አምና ጥቅምት ላይ የእናታቸውን ተዝካር ሊያስቀርጹ ሱቄ መጡ። ሽማግሌ ልልክባቸው የማስበው ሰው እፊቴ ሲቀመጡ ክው አልኩ። «ስንት ትወስዳለህ?» አሉኝ። ከእርስዎማ ምን እቀበላለሁ አልኩ። ግዴለህም፣ ንገረኝ አሉ። ኧረ ነውር ነው ጋሼ አልኩ። ሦስተኛ ጠየቁኝ፣ ሦስተኛም አቀረቀርኩ። ልጃቸውን ለምመኛት ሰው ይህን ያህል ብር ብሎ መናገር፣ በአባባ ፊት እግር ዘርግቶ እንደመቀመጥ ሆኖ ነው የታየኝ። ተዝካሩን ቀረጽኩላቸው። በማግስቱ አንድ የሰባ ሙክት አስጎትተው ላኩልኝ። እማማ ደስታዋን አልቻለችውም፤ በግ የሰጠ ልጁን አይከለክልም አለች፣ ሰፈሩም ተቀብሎ አዛመተው። እኔም አመንኩ።

ከፋሲካ በኋላ የነፍስ አባታችን ቄስ መልከ ጼዴቅ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ሄዱልኝ። እንደ ደንቡ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ጋሽ አፈወርቅ ለምነው አስቀመጧቸው፣ ጠላ አስቀዱላቸው፣ በክብር አዳመጧቸው። ከዚያ የተናገሩትን ቄሱ አንድም ቃል ሳይጨምሩ ነው የነገሩኝ።

«አባ፣ ልጁ ጨዋ ነው፤ ወገኑም አይነቀፍም። ግን ዋጋህን ንገረኝ ብለው ሦስቴ አቀረቀረብኝ። ወረቀቱ እኮ ከጀርባው ተለጥፎ ነበር፣ ጫፉን አይቼዋለሁ። የገዛ ሥራውን ለመጥራት ያፈረ ሰው ነገ ልጄን ምን ያበላታል? እኔም በጎቼን በምርቃት ሸጬ ቢሆን ኖሮ እሷን አላስተምርም ነበር።»

ያ ሙክትም ውለታዬን ላለመያዝ የተላከ ኖሯል። እኔ ያከበርኳቸው መስሎኝ ነበር፤ እርሳቸው ግን እየመዘኑኝ ነበር።

ትርሲት አለቀሰች፤ ከአባቷ ቃል ግን አልወጣችም። እኔም ውጪ አላልኳትም። ለመጨረሻ ጊዜ ሱቄ ስትመጣ አልተቀመጠችም። ግድግዳውን ስታይ ቆየችና «ይህን የጻፍኩት ለማን ይመስልሃል? አባቴ እንዲያዩት እኮ ነበር» አለችኝ። ተዝካሩን እኔ ዘንድ እንዲያስቀርጹ የላከቻቸውም እሷው ኖራለች።

መስከረም ላይ ለይሥሐቅ አጯት፤ መሐል ሜዳ ከተማ ወፍጮ ቤት ያለው ነው። እኔ እንኳ አላማውም። የማስፈጫው ዋጋ በሩ ላይ በቀለም ተጽፏል፣ ለቄስም ለአክስቱም ያው ነው ይሉታል። ሰፈሩ እሱን ገብጋባ እያለ ያማዋል፤ እኔን ደግ ይለኛል።

ታኅሣሥ ላይ ጋሽ አፈወርቅ እንደገና መጡ። የሚያምኑት ሌላ ቪዲዮ ቀራጭ አጥተው ይሆናል። ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ «ለትርሲት ሠርግ ነው። ስንት ትወስዳለህ?» አሉ። እኔም ከወረቀቱ ፊት ገለል አልኩ። «አርባ ሺህ ብር፣ ግማሹ ቀብድ» አልኳቸው። ለአንድ ጠቦት ሦስት ጊዜ ጥለው ሄደው የሚመለሱት ሰው፣ አንድ ብር ቀንስ አላሉኝም። ቀብዱን ጠረጴዛው ላይ አኑረው ተነሡ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ጋቢያቸውን እያጣፉ ዘገዩ።

«ይህን ያን ጊዜ ብትለኝ ምን ነበረበት፣ ልጄ?»

መልስ ሳይጠብቁ ወጡ።

ለምን እሺ አልክ እንደምትይኝ አውቃለሁ። እንቢ ብል ሌላ ሰው ይቀርጻታል፤ ያ ሌላ ሰው ደግሞ ስትስቅ በግራ በኩል እንደምታምር አያውቅም።

ቀረጽኳት። የእናት የአባቷን ጉልበት ስማ ስትነሣ «ወደዚህ እዪ» ማለት የኔ ሥራ ነበር፤ ያን ቀን ግን ረዳቴ ተናገረልኝ። ቀና ስትል ሌንሱን አልፋ እኔን አየችኝ፤ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው፣ ከዚያ አቀረቀረች። ቅንብሩን ስሠራ ያችን ቦታ እየመለስኩ አየኋት። ባሏ የሚያየው ነገር አይደለም። ቆርጬ አወጣኋት፤ ለራሴም አላስቀረኋትም። የሰው ትዳር ነው።

አሁን ዋጋዬን ሳልቅለሰለስ እናገራለሁ፣ ሰዉም አጉረምርሞ ይከፍላል። ታዲዮስ ልቡ ደነደነ ይሉኛል አሉ። ነዳጅ ስለተወደደ ከግድግዳው ላይ ያለውን ዋጋ ከፍ ማድረግ ነበረብኝ፤ በእጇ የተጻፈ ነውና አልነካሁትም። በአምናው ዋጋ እሠራለሁ። ይህንንስ አትቆጪኝ።

ጾሙ ሊገባ ነው። አባባ ገብሱን ውርጭ ሳይቀድመው አስገብተዋል፤ እግዜር በሰው አገር ያቁምሽ ይላሉ። እማማ ያን የሚያቀዘቅዝ መኪና እራስጌሽ አድርገሽ እንዳትተኚ ብላለች። ታናሻችን መሲ ቁመቷ እኔን ሊደርስ ነው፤ ከፎቶሽ ላይ የጫማሽን ቀለም ወዳዋለች፣ ነግሬሻለሁ። አክስታችን ኮከቤ ጉንጭሽን ሳሙልኝ ብላለች። ቄስ መልከ ጼዴቅ በጸሎታቸው ስምሽን አይረሱም።

በቀድሞ ደብዳቤዎቼ «ትርሲትም ሰላም ብላሻለች» የምልሽ እዚህ ላይ ነበር። መስመሩን ባዶ ትቼዋለሁና ዝም ብለሽ እለፊው።

ወንድምሽ ታዲዮስ
ሞላሌ፣ መንዝ
የካቲት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.