ለማኅበራችን ሙሴ፣ በሐምሌ ጊዮርጊስ ስለሚደገፉት ግድግዳ

ለተከበሩ ጋሽ እምሩ
የግቢያችን ባለቤትና የጊዮርጊስ ማኅበራችን ሙሴ
አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ጀርባ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ሳንባዎ ደኅና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የሳንባን ነገር ለምን እንዳነሳሁ ከታች ይረዱታል። እኔ ተከራይዎ የሺዓለም፣ ለሦስት ዓመት ያሳዩኝን ቸርነት በአፌ አመስግኜ መጨረስ ስላቃተኝ፣ ይኸው ሁሉም እንዲያነበው በግቢው በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሻጋታው። የአንዲቷን ክፍሌን ግድግዳ ከወለል እስከ ኮርኒስ ያለበሰው ጥቁር ሻጋታ ከወጥ ድስቴ እንፋሎት የመጣ መሆኑን ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ባለፈው ክረምት ቤቱን ዘግቼ ሁለት ሳምንት ለቅሶ ሰንብቼ ስመለስ ግን ሻጋታው ቁም ሳጥኑን አልፎ ጠበቀኝ፤ ያለ እኔ ወጥ መሥራት ለምዷል ማለት ነው። በየፋሲካው የሚያስቀቡልኝ ኖራም ምስጋና አይነፈገውም፣ እስከ ሰኔ ድረስ ነጭ ነው። ቤት አያያዝ አታውቅም እያሉ ለጎረቤት እንደሚያወሩም ሰምቻለሁ። አመድ በዱቄት ይስቃል አሉ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጣሪያው። ጎረቤታችን ሸምሰዲን፣ ቆርቆሮ ሠራተኛው፣ ቀዳዳውን በነፃ ልድፈንላት ብሎ መሰላል ቢያቆም፣ የአባቴን ጣሪያ ማንም አይረግጥም ብለው አስወረዱት። ያን ዕለት ያወጁልኝን ሕግ በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «ከውጭ ያለው የእኔ፣ ከውስጥ ያለው ያንቺ።» ዝናቡ በእርስዎ በኩል ገብቶ በእኔ ላይ ያርፋል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ልጄ ጽዮን። አምስት ዓመቷ ነው። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ ሲጨርስ የጠየቀኝ ስለ ቤቴ ግድግዳ ነበር፤ ከዚያ ክፍል ካልወጣች መድኃኒቱ አይሠራም አለኝ። ይህንን እያለቀስኩ ስነግርዎ፣ ልጅ ሲያድግ ይተወዋል ብለውኝ ሄዱ። አሁን ልጄ እህቴ ዘንድ ታድራለች፤ የማያት በእሑድ በእሑድ ነው። ይህን አልረሳሁም፤ ይቅርም አላልኩም።

ጋሽ እምሩ፣ በነዚህ ሦስት ዓመታት ደጃፌ ላይ ቆሙ እንጂ አንድ ቀን ገብተው አያውቁም። የእግዚአብሔር ሥራ ግን ድንቅ ነውና፣ የሐምሌ ጊዮርጊስ የማኅበር ተረኛ እኔ ሆኛለሁ፣ ጽዋውንም ተረክቤያለሁ። ሙሴው ካልተቀመጠ ዳቦ አይቆረስም። ያለ ሕመምና ያለ ሐዘን የቀረ ይቀጣል የሚለውን ደንብ ያስጸደቁት ደግሞ ራስዎ ነዎት። ስለዚህ ወንበርዎን የጽዮን አልጋ በነበረበት ቦታ፣ ከግድግዳው አስጠግቼ አዘጋጅቻለሁ። የዘንድሮውን ኖራ በቢላ ፍቄ አንስቼዋለሁ። ከውስጥ ያለው የእኔ ስለሆነ ፈቃድ አልጠየቅኩም።

ረጅም ዕድሜና ደረቅ ጣሪያ እየተመኘሁልዎ፣
ምንጊዜም ከውስጥ በኩል ያለሁት አክባሪዎ
የሺዓለም

ግልባጭ፦
ለነፍስ አባታችን
ለማኅበሩ አባላት በሙሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እንደ ወግዎ ነጭ ጋቢዎን ለብሰው እንዲመጡ በትሕትና እለምናለሁ። ሲነሱ ማኅበርተኛው ሁሉ ጀርባዎን ማየቱ አይቀርም፤ እርስዎ ግን አይጨነቁ፣ ከወጥ ድስቴ እንፋሎት ነው እላቸዋለሁ።