ስለ ረሺድ መሻገሪያ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ጓድ ወንዳፈረው፣
የቀበሌያችን ሊቀመንበር፤
ሆሳዕና፣ ኅዳር 1978 ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ። በተለይ ዓይንዎን እንዲጠብቅልዎ እጸልያለሁ፤ ሕፃናት ከጓሮዬ በስተጀርባ በጭቃና በጭራሮ የሠሩትን አገር እንኳ ሳያይ ያላለፈ ዓይን ነውና።

ያ አገር ስንት ዘመን እንደኖረ እኔም አላውቅም። ልጆች ያድጉና ይተዉታል፣ ታናናሾቻቸው ይረከቡታል፣ ስሙም አብሮ ይለወጣል። ጉብታው መጀመሪያ «ትልቁ ተራራ» ነበር፤ ትርፊት የምትባል ልጅ ወድቃ ጥርሷ ከተሰበረ ወዲህ «ጥርስ ተራራ» ሆነ። ትርፊት ዛሬ አዲሎ ከተማ ባለትዳር ናት፤ አሁን የሚጫወቱት ግን ጥርስ ስለሚመስል ነው ይላሉ። ጨዋታውን ትቶ የሚሄድ ልጅ ደግሞ የሠራው ቦታ በስሙ ይጠራለታል። ልጄ ረሺድ በልጅነቱ በቦዩ ላይ ድንጋይ ደርድሮ የሠራው ድልድይ «ረሺድ መሻገሪያ» የተባለው እንዲሁ ነው።

እርስዎ እነዚህን ስሞች ኋላቀር ሆነው ስላገኟቸው፣ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ጥርስ ተራራን «የምርት ዘመቻ ተራራ» ስላሉት። ከፍታው እስከ ጉልበቴ ስለሆነ ስሙ ከራሱ ይረዝማል።

ሁለተኛ፦ ረሺድ መሻገሪያን «የድል ድልድይ» ስላሉት። ልጄ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ጎረቤት አዝኖልኝ ስሙን በፊቴ አያነሳም። ከአጥር ወዲያ ግን በየቀኑ «ረሺድ ላይ ጠብቁኝ»፣ «ረሺድን ያልተሻገረ ሞቷል» እየተባለ ይጮኽ ነበር፤ እኔም ሽንኩርት እየላጥሁ አዳምጥ ነበር።

ሦስተኛ፦ አዲሶቹ ስሞች የተተከሉባቸውን ሰሌዳዎች እንድጽፍ እኔን ስለመረጡኝ። በስተርጅና ፊደል የቆጠርሁ ሴት ቀይ ቀለም ተሰጥቶኝ ሰው ቆሞ ሲያየኝ ልቤ አበጠ። የማንን ስም እንደምሸፍን አውቅ ነበር። «ይሄኛው ይቅር» ማለት እችል ነበር፤ አላልሁም። ፊደሉን ሳሳምር ነበር።

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴን ልጅ ሰፊያን ጠርቼ የዱሮውን ስም እንዲሉት ብለምናት፣ «አይቻልም እማማ ሀዋ፤ የተጻፈ አይፈርስም፣ የጨዋታው ሕግ ነው። ደግሞ የጻፉት እርስዎ ነዎት» አለችኝ። ትንንሾቹማ ረሺድ ማን እንደነበር አይጠይቁም። ስሙን የለወጡት እርስዎ ነዎት፤ ሕግ ያደረገው ግን የኔ እጅ ነው፤ ስለዚህ ቁጣዬን ለሁለታችን እኩል ማካፈል አቅቶኛል።

ሌሎቹን ሰሌዳዎች ለአብዮቱ ትቼ አንዱን ብቻ እንድነቅል እንዲፈቅዱልኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።

ለጉብታውም ለቦዩም ስም ለማውጣት የማይታክቱትን እርስዎን እጅ በመንሳት፣
የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት አግኝታ ድልድይ ያጣችው
ሀዋ ቃሲም

ግልባጭ፦
በማስታወቂያ ሰሌዳው በኩል ለቀበሌው ነዋሪ ሁሉ

ማስታወሻ፦ በመሠረተ ትምህርት «ድል» ብለን እንድንጽፍ ተምረናል፤ የልጄን ስም ግን በእጄ ስጽፍ ይህ ደብዳቤ የመጀመሪያዬ ነው። ተሳስቼ እንደሆነ እርስዎ ያርሙልኝ፤ ለውትድርና የመዘገቡት ቀን አንድም ፊደል ሳይስቱ ጽፈውት ነበር።