ሾፌሩ አይደለም

ጥቅምት 4
ክሊኒክ ዋልኩ። ቁስል አጠብኩ፣ መርፌ ወጋሁ። እግሬ አብጧል።
አሳታሚው ደወለ። የጋዜጣው ሃያሲ እሑድ ስለ ወንጀል ልብ ወለዴ ይጽፋል አለ። «እሱ ከወደደልሽ ቀጣዩንም አሳትምልሻለሁ።» ካልወደደስ? መጠየቅ ፈራሁ...

ጥቅምት 8
ወጣ። ጋዜጣውን መንገድ ላይ ቆሜ አነበብኩት። «ገዳዩ ሾፌሩ መሆኑ ገና ከጅምሩ ይታወቃል። የሴት ብዕር ለእንባ እንጂ ለደም አይሆንም።»
ሾፌሩ?! ሾፌሩ እኮ ምዕራፍ አሥራ አራት ላይ ራሱ ይገደላል! ገዳይዋ የሟች እህት ናት። ሰውዬው ግማሹን እንኳ አላነበበም።
እዚያው ገጽ ላይ የጓደኛውን መጽሐፍ ሰማይ ሰቅሎታል። አብረው እንደሚጠጡ ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው ነው።
«ማን ይናገር? የነበረ» ይባላል። ይኼ ሰውዬ መጽሐፌ ውስጥ መቼ ነበረና?

ጥቅምት 10
ለሃያሲው ደወልኩለት። «ጌታዬ፣ ሾፌሩ እኮ ይሞታል» አልኩት።
«እመቤቴ፣ ደራሲ ሲተች መናደዱ ያለ ነው» ብሎ ሳቀ። ዘጋብኝ።
አለቀስኩ። በንዴት ነው... በንዴት ብቻም አይደለም።

ጥቅምት 21
መጽሔቱም ጻፈ፣ ሬዲዮውም አወራ። ሁሉም ሾፌሩ፣ ሾፌሩ። አንዱ ካንዱ እየገለበጠ። ውሸቱ ምስክር በዝቶለታል። እኔ ብቻዬን።

ኅዳር 2
ታላቅ እህቴ ቤት ምሳ በላሁ።
«አይ እቱ፣ ምናለ ሾፌሩን ባታደርጊው ኖሮ?»
«አንብበሽዋል?»
«ምን ላንብበው፣ ገዳዩን አውቄው!»
ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ? ፈርሜ የሰጠኋት መጽሐፍ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጧል፤ ተከፍቶም አያውቅ።

ኅዳር 9
አሳታሚው ቢሮ ጠራኝ። መጽሐፎቼ ከየሱቁ ተመልሰው በካርቶን ተደርድረዋል።
«ማስተባበያ እናውጣ» አልኩት።
«ምን ብለን? ገዳይዋ እህትየው ናት ብለን? ያኔማ ጭራሽ ማን ይገዛናል?»
እውነቱን ነው።
«ይልቅ የፍቅር ነገር ጻፊ። በወንጀል ስምሽ ተበላሽቷል፣ እህቴ።»
ቀጣዩን ረቂቅ ሳያየው መለሰልኝ።

ኅዳር 15
አልጻፍኩም።

ታኅሣሥ 1
የንባብ ክበብ ጋብዞኝ ሄድኩ። ጠባብ ክፍል፣ የላስቲክ ወንበሮች። አንድ ጡረተኛ መምህር ተነሡ።
«ሾፌሩን ገዳይ ያደረጉት ለምን ይሆን?»
ሁሉም ያየኛል። እንደ ድሮው «አይደለም!» ልል አፌን ከፈትኩ... ደከመኝ። በቃ፣ ደከመኝ።
«ድሃ ነበር» አልኩ። «ሲገፉት ኖሩ። አንድ ቀን መረረው።»
ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፤ አማረልኝ። ሰዎቹ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። አጨበጨቡልኝ።
ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሴትዮ ብቻ አላጨበጨበችም። መጽሐፌን ይዛለች፤ ጠርዙ ተልጧል፣ ገጾቹ ብዙ ቦታ ታጥፈዋል። ምዕራፍ አሥራ አራት ላይ ከፍታ አንዴ ገጹን፣ አንዴ እኔን ታያለች።
በጎን በር ወጣሁ።