ምች ነው ያልሽው ነገር

ይድረስ ለእናቴ፣

ከሁለት ወር በፊት፣ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ የማተሚያ ቤታችንን የመደርደሪያ ክፍል መስኮት ከፈትኩት። ነገር የተበላሸው ያኔ ነው። እዚያ ክፍል መስኮት አይከፈትም፤ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ገና ያልተጠረዘ ሉክ በገጽ በገጹ ስለሚደረደር ነፋስ ከገባ ሁሉም ይደባለቃል። ማስታወቂያውን በሩ ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ። ግን ከደረቴ የተነሳ እሳት አንገቴን ይዞ ፊቴ ላይ ወጣ፣ ልቤ ደለቀ፣ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ፤ አየር ካላገኘሁ የምሞት መሰለኝ። የሁለት ቀን ሥራ ወለሉ ላይ ተበተነ።

እማዬ፣ ሰላምታ ማስቀደም ነበረብኝ፤ ንዴቱ ቀደመኝ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ ደረጃው መሀል አሁንም ትቆሚያለሽ? የአባዬስ ዓይን እንዴት ሆነ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም።

ጠራዧ፣ ያቺ ስድስት የወለደች ሴትዮ፣ ወረቀቱን እየለቀመች ትስቃለች። «አንቺዬ፣ ሰሞኑን ያልብሻል፣ ትነጫነጫለሽ፣ ትናንት መቀስ በእጅሽ ይዘሽ መቀስ ስትፈልጊ ዋልሽ። አርግዘሻል!» አለችኝ። ክፍሉ በእልልታ ተናጋ። ሊቆጣኝ የገባው ፎርማን እንኳ «እንግዲያው ምሬሻለሁ» ብሎ ወጣ። የወር አበባዬን ካየሁ አራት ወር ሆኖኝ ስለነበር እኔም አመንኳቸው። ባለቤቴማ በማግስቱ የሕፃን አልጋ ተሸክሞ መጣ።

ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ ሐኪሟ በወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ደሜን አስመረመረች። «እርግዝና የለም፤ እያረጥሽ ነው» አለችኝ። ካርዱ ላይ ያለውን ዕድሜዬን ደግማ እንድታነብ ጠየቅኋት። ሠላሳ አንድ ይላል። ከዚያ ትጠይቀኝ ጀመር፤ የወር አበባሽ ሲዘበራረቅ ቆይቶ ነው የቀረው? እንቅልፍሽ ይቆራረጣል? መገጣጠሚያሽን ይጠዘጥዝሻል? ያለ ምክንያት ያስለቅስሻል? ከባልሽ ጋር ስትሆኚ ድርቀቱ ያምሻል? ሁሉንም አዎ፣ አዎ አልኳት። ብዙ ሴት ሃምሳ ዓመት አካባቢ የምታየው ነው፤ አንዳንዷን ቀድሞ ይይዛታል፤ አንዳንዴም በዘር ይወርዳል አለች። አጥንቴ ያለጊዜው እንዳይሳሳ መድኃኒት ጻፈችልኝና እናትሽ በስንት ዓመቷ አረጠች አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። ደረጃውን ስወርድ ግን ትዝ አልሽኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በደብተሬ ፊትሽን ታራግቢ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት አንሶላሽ ረጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። «ወጡ ጨው አነሰው» ቢልሽ አባዬ ላይ ማንኪያ ወርውረሽ መልሰሽ አለቀስሽ። ጎረቤት ምን ሆነሽ ነው ሲልሽ «ምች ነው» ትያለሽ።

ለአክስቴ ደወልኩ። «በሠላሳ ሦስቷ ነው። እኔንም አስምላኛለች» አለችኝ።

ለካ አምስት ዓመት ሙሉ በየደብዳቤሽ ቶሎ ውለጂ፣ ቶሎ ውለጂ ያልሽኝ ለዚህ ኖሯል! እኔ ጭቅጭቅ መስሎኝ «እማዬ ደግሞ ጀመራት» እያልኩ ከባሌ ጋር ስስቅብሽ ኖርኩ። ችኮላውን ነገርሽኝ፣ ምክንያቱን ደበቅሽኝ። አፍረሽ ነው? ወይስ ባል እንዳላጣ? ማተሚያ ቤት የሰውን ስህተት በቀይ እያረምኩ እንጀራዬን የምበላ ልጅሽ በገዛ ሰውነቴ ነገር መሃይም ሆኜ ቀረሁ።

ባሌ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ለእናቱ «ለጊዜው ልጅ አልፈለግንም» እንበላት ይለኛል። እምቢ ብያለሁ። አንቺ እንዴት እንደኖርሽው አይቻለሁ።

አባዬን ጉንጩን ሳሚልኝ። አክስቴን አደራ አትቆጫት፤ ከሁላችሁ እውነቱን የነገረችኝ እሷ ናት። ታናሼን እቅፍ አድርገሽ ሳሚልኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ መጀመሪያ ትምህርቴ፣ ከዚያ ሥራዬ፣ ከዚያ እናያለን ትላለች። እኔም እንደዚያው ነበር የምለው። ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ በሳምንቱ እደውልላታለሁ። ከአንቺ አፍ ሰምታው ብትጠብቀኝ ደስ ይለኛል፤ ካልሆነ ከእኔ ትሰማዋለች። አግቢ፣ ውለጂ ልላት አይደለም። አውቃ ትምረጥ ነው የምለው።

ከእንግዲህ ስለ ሰውነቴ ከእኔ በፊት የሚያውቅ፣ አውቆም የሚደብቀኝ ሰው አልቀበልም፤ እናቴም ብትሆን።

ልጅሽ

ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ
ሰኔ ፲፬ ቀን